የእማዬ ጉንጮች

ሰኞ 4

ዛሬ ደግሞ አንድ ሙሽራ መጣ። ሙሽራ እንበለው እንጂ ካገባ ወር አልፎታል። የሠርጉን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ "ከሷ ትንሽ ከፍ አድርገኝ፣ ግን እንዳይነቃ" አለኝ። ሚስቱ በቁመት ትበልጠዋለች፤ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት፤ ማን እንዳይነቃበት እንደሆነ አልገባኝም። እግሮቹን ከጉልበቱ በታች ሳብ አደረግኩለት። ፎቶውን ተቀብሎ ሲወጣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሄደው፤ የጨመርኩለትን ቁመት ይዞት የሚሄድ መስሎታል መሰለኝ።

ስቱዲዮው ውስጥ ሦስት ነን። ባለቤቱ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ስለሚውል በሌለበት ፕሮፌሰር የምንለው፤ ደንበኛ ተቀብላ ፎቶ የምታትመውና የምትቆርጠው ካሸሯ፤ እና እኔ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ አፍንጫ አሳንሳለሁ፣ ቦርጭ አስገባለሁ፣ የተጣመመ አንገት አቀናለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ፕሮፌሰር ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ የሚላት ነገር አለችው፤ እውነተኛ መልኩን ማየት የፈለገ ሰው ቤቱ መስታወት አለው፣ እኛ ዘንድ የሚመጣው ሌላ ፈልጎ ነው ይላል። በተናገራት ቁጥር ሰው የሚያጨበጭብለት ይመስል ትንሽ ይጠብቃል።

እማዬ ዛሬም ሾርባዋን ግማሽ ተወችው።

ሐሙስ 7

ከፕሮፌሰር ግማሽ ቀን ለምኜ እማዬን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ እሷን ውጪ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ለብቻዬ ጠራኝ። ጉበቷ ላይ ያለው ነገር ተሰራጭቷል አለኝ። ከእንግዲህ የሚሰጣት መድኃኒት ሕመሙን ማስታገሻ ብቻ ነው፤ ነርስ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ትመጣላታለች። ስንት ጊዜ አላት አልኩት።

"በወራት ባታስበው ነው የሚሻለው" አለ። ከዚያ ፊቱ ያለውን ወረቀት ማንበብ ጀመረ። ሁለት መስመር የተጻፈበትን ወረቀት ያን ያህል ጊዜ ሲያነብ የቆየ ሰው አላየሁም።

ቤት ገብቼ ለእታለም ደወልኩ። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ርቃ ትምህርት ቤት ታስተዳድራለች። ባሏንም ታስተዳድራለች፣ በስልክ ደግሞ እኔን። እማዬ ትንሽ ደክማለች፣ ብትመጪ ጥሩ ነው አልኳት። ሐኪሙ ያለኝን እንዳለ መናገር ነበረብኝ ይሆናል፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንዴት ይባላል። እሷም ለመስማት ጊዜ አልነበራትም። የዓመቱ ፈተና ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው የሚያልቀው፤ ያኔ እመጣለሁ አለች። እስከዚያ ፎቶዋን እየላክህ አሳየኝ አለች።

ለማንኛውም ነግሬያታለሁ።

ቅዳሜ 9

እማዬን መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጬ አነሳኋትና ፎቶውን እንዳለ ላክሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልሱ መጣ።

"ምን እያበላሃት ነው?"

በቃ፣ ይኸው ነው። እንዴት አደረች የለም፣ አንተስ እንዴት ነህ የለም። ምን እያበላሃት ነው። ጠዋት ተነስቼ ሾርባ የማጣራ እኔ፣ ልብሷን የማጥብ እኔ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የምሰጥ እኔ፤ እታለም ደግሞ ቢሮዋ ቁጭ ብላ ማንኪያ ትቆጥርብኛለች።  ሦስት መልስ ጽፌ ሦስቱንም አጠፋሁ።

ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ለእማዬ ያዝኩላት። እማዬ ልጇን ከማየቷ በፊት ጥጉ ላይ ያለችውን የራሷን ትንሽ ምስል አየች። አየችና ስልኩን በእጇ ጀርባ ገፋችው። "ከእንግዲህ በዚህ ነገር አታሳዩኝ" አለች። ከእንግዲህ በድምፅ ብቻ ነው።

ድምፅ ደግሞ ታውቅበታለች። ለስልክ ብቻ የምታወጣው ድምፅ አላት። ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ትራሷን ደገፍ ትላለች፣ ከዚያ ገና በጉልምስናዋ ያለች ሴት ትሆናለች። "ደህና ነኝ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ" ትላታለች። ስልኩ ሲዘጋ አንድ ሰዓት ትተኛለች።

ማክሰኞ 12

አዲስ ፎቶ ላክ ተባልኩ። ጠዋት አነሳኋትና በምሳ ሰዓት ስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት።

ሥራውን የማያውቅ ሰው ሰው ማወፈር ሲፈልግ ፎቶውን ከጎኑ ይዞ ይጎትተዋል። ያኔ ሰውየው ይወፍራል፣ ወንበሩም ይወፍራል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እንቁላል ይመስላል። እንዲህ ያለ ፎቶ በየሳምንቱ ይመጣልኛል፤ ያመጣው ሰውዬ አፉን ሞልቶ ራሴ ነኝ የሠራሁት ይለኛል። እኔ እንደዚያ አልሠራም። ጉንጯን በትንሽ ብሩሽ ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋሁት፤ አንዴ ብዙ ሳይሆን ሃያ ጊዜ ትንሽ ትንሽ። ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁረት አነሳሁ፣ ቢጫነቷን ቀነስኩ። ሰሞኑን ራሷ ወደ ትከሻዋ ይወድቃል፤ እሱን ለብቻው ቆርጬ አራት ዲግሪ አዞርኩትና አንገቷ ላይ አገጣጠምኩት። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ራሴን ለማሞገስ ሳይሆን ጥሩ ሥራ ነው።

እታለም ወዲያው መለሰች። "አየህ፣ ስናገርህ ጊዜ እንዴት እንደተለወጠች።"

ሦስት ቀን ነው ያለፈው። በሦስት ቀን የትኛው በሽተኛ ነው ጉንጭ የሚያወጣው? ርዕሰ መምህርት ከመሆኗ በፊት ባዮሎጂ ታስተምር ነበር፤ ተማሪዎቿን አሰብኳቸው፣ አሳዘኑኝ።

ይህን ያደረግኩት እማዬ እንዲህ ሆና መታየት ስላልፈለገች ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ዓርብ 15

ሌላ ፎቶ። በጥድፊያ። ጉንጭ፣ ዓይን፣ ራስ ስድስት ዲግሪ። ትከሻዋንም ትንሽ ማስፋት ነበረብኝ፣ አለበለዚያ ጉንጩ ከትከሻው ጋር አልሄድ አለ። አንዱን ስታወፍር ሌላው ያጋልጥሃል።

ካሸሯ ወረቀት ልትወስድ ከጀርባዬ ስታልፍ ስክሪኑን አየችው። "እናትህ ናቸው? ተመስገን፣ እንዴት ተሽሏቸዋል" አለች። ተመስገን አልኳት። ምን ልበላት?

እሑድ 17

ነርሷ መጥታ ነበር። ዝምተኛ ሴት ናት፣ እሷን እንኳ መናቅ አልቻልኩም። እማዬን ልታገላብጣት ስታነሳት እኔ የምረዳት መስሎኝ ተነሳሁ፤ አላስፈለጋትም። አንድ እጅ በቃት። በር ላይ ስሸኛት ሌላ ልጅ የላቸውም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ሥራ ይዟት ነው አልኩ።

"ነግረሃታል?"

"ነግሬያታለሁ።"

አንድ ጊዜ አየችኝና ጫማዋን አሰረች። ትንሽ ደክማለች ብዬ ነግሬያታለሁ። ያ መንገር አይደለም የሚል ካለ መጥቶ ይንገርልኝ።

ረቡዕ 20

ሥራ ላይ ተዋረድኩ። አንዲት ወይዘሮ ወገቤን ቀጠን አድርግልኝ ብላ ነበር፤ አቀጠንኩላት። ከኋላዋ የቆመው የበር ጠርዝ ግን አብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። የመጀመሪያ ሳምንት ጀማሪ የሚሠራው ስሕተት ነው። ሴትዮዋ ፎቶውን ይዛ ተመለሰች፣ እኔ ሕንፃ እጠፍልኝ አላልኩህም አለችኝ። ፕሮፌሰር መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ሐሳብህ የት ነው አለኝ። የትም አልኩት።

ማታ እታለም ደውላ እማዬን አነጋገረቻት። ስትጨርስ እኔን አገናኚኝ አለቻት። ድምፅዋ ራሱ ተመልሷል፣ እኔ ጠንከር ባልልህ ኖሮ ምን ልትሆን ነበር አለችኝ። ስሰማት አልተቆጣሁም። እንዲያውም ሳቄ መጣ፤ በራሷ መድኃኒትነት የምታምን ሴት ናት። ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቁ አልነበረም።

ሰኞ 25

እታለም አሁን ደግሞ ቆማ አንስተህ ላክልኝ አለች። የአንዷ አስተማሪ እናት እግራቸው አብጦ ሳይታወቅ ነው የባሰባቸው አሉ፤ እሷም የእማዬን እግር ማየት ፈለገች። እማዬ ከአልጋ ከወረደች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል።

የለም ማለት እችል ነበር። ያኔ ለምን ትለኛለች። ለምን ካለችኝ ደግሞ ያለፉትን ፎቶዎች በሙሉ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ አምና ሰገነቱ ላይ ቆማ የተነሳችውን አወጣሁ። ሰውነቱን ከአምናው፣ ፊቱን ከአሁኑ ወሰድኩ፤ ፊቱን አሳነስኩት፣ አዞርኩት፣ ብርሃኑ ከሌላ በኩል ስለሚመጣ ሰውነቱን ግራና ቀኙን ገለበጥኩት። ፊቱ አልሆነም። እንዳልደብቅ፣ ያንን ሰውነት የሚመጥን ጉንጭ ከአሁኗ እማዬ ላይ ገፍቼ ማውጣት አልቻልኩም። በመጨረሻ ፊቱንም የአምናውን አደረግኩት። በሌላ አነጋገር የአምናውን ፎቶ ገልብጬ ላክሁ፣ በዚህ ሁሉ ሙያ።

ሐሙስ 28

"አረንጓዴ ሹራቤን የመሰለ ሌላ ገዛህላት እንዴ? ጎሽ።"

የእታለም መልእክት ነው። ሹራቡን ረስቼው ነበር። አምና እታለም መጥታ ስትመለስ በርዷት እማዬ ከላይዋ አውልቃ የሰጠቻት ሹራብ ነው። አሁን እዚያ እሷ ቤት ነው ያለው። አዎ፣ ገበያ ላይ አግኝቼ ገዛሁላት አልኩ። አመነችኝ። የፈተና ኩረጃ ከመቶ ተማሪ መሀል ለይታ ትይዛለች ይባልላታል።

ከሥሩ ሌላ መልእክት አለ። እንዲህ ከተሻላት የእርማቱንም ሳምንታት ጨርሼ፣ ረጋ ብዬ ነው የምመጣው ትላለች። ደግሜ አነበብኩት። ፈተናው የሚያልቅበትን ቀን ቆጥሬ ነበር፤ እሱ ራሱ ሩቅ ነበር። አሁን የበለጠ ራቀ፣ ያራቅኩትም እኔ ነኝ።

እሑድ 1

እማዬ ዛሬ ምንም አልዋጠችም። ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አረጠብኩላት። የተኛች መስሎኝ ልነሳ ስል "እህትህ ተቀይማኛለች?" አለችኝ። ለምን ትቀየምሻለች አልኳት። "እንዲህ ሆኜ መጥታ የማታየኝ፣ የሆነ ያስቀየምኳት ነገር ቢኖር ነው" አለች። ከዚያ ከስንት ዓመት በፊት ስለተጣሉበት አንድ ነገር ይቅርታ ጠየቀች፣ እኔን። ለእሷ ንገርልኝ አለችኝ።

 መናገር ነበረብኝ፣ እዚያው። ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ 3

ላክሁት። ጠዋት ያነሳሁትን፣ አንዲት ነጥብ ሳልነካ። ከሥሩ "እውነተኛዋ ይህች ናት። እስካሁን የላክሁልሽን አስተካክዬው ነው። ሐኪሙ ተስፋ የለም ብሏል። ነይ" ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ሰዓት አለፈ። ከዚያ ደወለች፤ ድምፅዋ ተማሪ ፊቷ አቁማ የምታናግርበት ድምፅ ነው።

"ሹራቡን ከቁምሳጥኔ አውጥቼ ከፎቶው ጋር አስተያየሁት፣ እጅጌው ላይ ያለው ጥገና ሳይቀር ያው ራሱ ነው" አለች። "የገዛህላት የለም። ቆማ ያልከኝ ውሸት ነው።"

"አዎ፣ ውሸት ነው።"

"እንግዲያው ይሄኛው ምን አድርጎ ነው እውነት የሚሆነው? ጉንጭ የሚያወጣ እጅ ጉንጭ ያስገባል። ልትረታኝ ስትፈልግ ምን እንደምታደርግ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት አነጋግሬያታለሁ፣ ደህና ነኝ ብላኛለች።"

አያይዛም ስትመጣ ከእኔ ጋር እንደምትነጋገር ነገረችኝ። ስትመጣ ማለት እርማት ስታርም ከርማ ማለት ነው። ከሁለት ፎቶ አንዱን ማመን ነበረባት፤ ከወንበሯ የማያስነሳትን አመነች። ብልህ ሴት። ነገር ግን ስሳደብ እንኳ የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱንም ፎቶ የላክሁላት እኔ ነኝ።

ረቡዕ 4

አምስት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳችም። "ፈተና ክፍል ነኝ" የሚል መልእክት። ነርሷ ዛሬ ተራዋ ሳይሆን መጣች። ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው አለች። ፕሮፌሰርን ፈቃድ ጠየቅኩት፤ አንድ ደንበኛ አገጩን እየጠበቀ ነው አለኝ። አገጩን ራሱ ያውጣ ብዬው ወጣሁ።

ዓርብ 6

ጠዋት እማዬ "ለእህትህ የምትልክላትን ፎቶ አሳየኝ" አለችኝ። በስልክ ስጨቃጨቅ ሰምታ መሆን አለበት፤ ግድግዳው ስስ ነው። አይሆንም ልላት አልቻልኩም። ትራሷን ከፍ አድርጌ፣ ስልኩን ፊቷ ይዤ አንድ በአንድ አሳየኋት። ዘጠኝ ፎቶ ነው። ቆማ ያለችበት ላይ ስንደርስ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።  ትቆጣኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አታሳዩኝ ያልሽው አንቺ ነሽ ልላት።

"ለዚህች ብላ ልጄ ለምን ሥራዋን ጥላ ትመጣለች?" አለች። "ምን ሆና?"

አልተቆጣችም። እንዲያውም የሆነ ነገር የተገላገለች መሰለች፤ ልጇ ያልመጣችው በቂም አለመሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው። የራሴን ስልክ ስጠኝ አለችኝ። በእማዬ ቁጥር ስለተደወለ እታለም በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። የስልኩን ድምፅ እስክታወጣ ጠበቅሁ። ጉሮሮዋን አልጠረገችም። ትራሱን አልተደገፈችም። ከዚህ አልጋ ላይ እኔ ብቻ የምሰማውን ድምፅ ነው ያወጣችው፤ አጠገቧ ሆኜ እንኳ ጎንበስ ካላልኩ የማይሰማኝን።

"ነይ" አለች። አረፈች። "አሁን ነይ፣ ልጄ።"

ከወዲያኛው ወገን የተማሪዎች ጫጫታ ነበር። ከዚያ በር የተዘጋ መሰለኝ፣ ጫጫታው ጠፋ። እታለም ምን እንዳለች አልሰማሁም። እማዬ ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች።

ቅዳሜ 7

እታለም መንገድ ላይ ናት። ባሏ ደውሎ ነገረኝ። እማዬ በየሰዓቱ የት ደረሰች ትለኛለች። ስለማላውቅ እየፈጠርኩ እነግራታለሁ። መፍጠር መቼም አያቅተኝም።

እሑድ 8

ከሰዓት በኋላ ገባች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። አልሳመችኝም፣ ቦርሳዋንም ልቀበላት ስል አልሰጠችኝም። ቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። አልጋውን አየች። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር አየች። እንደገና አልጋውን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እማዬን የት ወሰዳችኋት?" አለችኝ።

እማዬ ነቅታ ነበር። ሰማች።

ለዚያች ደቂቃ የሚሆን ፌዝ የለኝም። አንድ ወር ሙሉ ሌላ ሴት ስልክላት ከርሜ እናቷን ብታጣት ምን ይገርማል። እማዬ መታየት ስላልፈለገች ነው ብዬ ከላይ ጽፌያለሁ። ውሸት ነው። እታለም ምን እያበላሃት ነው ስላለችኝ ነው። ለዚያ ቃል መልስ እንዲሆነኝ ነው የእናቴን ፊት የገፋሁት። አፈርኩ። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"እዚህ ነኝ" አለች እማዬ። "ጠጋ በይ፣ ከቅርብ ስታዪኝ ታውቂኛለሽ።"

እታለም ቦርሳዋን ለቀቀችው። አልጋው ሥር ተንበርክካ ፊቷን እማዬ አንገት ሥር ቀበረች። እማዬ በዚያች በሰለለች እጇ ጀርባዋን ታሻሽ ነበር። ተማሪዎቹ ፈተናው እንዴት ሆነላቸው ብላ ጠየቀቻት።  እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ልግባ ልውጣ አላውቅም።

ሲመሻሽ እታለም ስልኳን አወጣች። ላንሳሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። እማዬ አይሆንም ትላለች ብዬ ነበር። አንሺኝ አለች፤ ፀጉሯን እንኳ አስተካክሉልኝ አላለችም። እታለም አንድ ጊዜ ብቻ አነሳች። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"ይህን አንተ አትነካውም" አለችኝ።

"አልነካም" አልኳት።